ጽሑፉ ገምጋሚ እጅ ሲገባ

አልበርት አንስታይን በ1936 እ.ኤ.አ. ከረዳቱ ከናታን ሮዘን ጋር ሆኖ የስበት ሞገድ የሚባል ነገር የለም የሚል ጽሑፍ ፊዚካል ሪቪው ለተባለው የአሜሪካ ጆርናል ላከ። አርታኢው ጆን ቴት ግን በቀጥታ ወደ ማተሚያ ቤት አልሰደደውም። ለአንድ ባለሙያ አስነበበና የባለሙያውን ማንነት ሳይገልጽ የ10 ገጽ አስተያየት አያይዞ መለሰው። አንስታይን ተቆጣ፤ እንዲታተም ላክን እንጂ ለሌላ ሰው እንዲታይ መች ፈቀድን ብሎ ጽሑፉን ነጠቀና ለሌላ ጆርናል ሰጠ።

ልክ የነበረው ግን ገምጋሚው ነው። ሁለቱ ሰዎች ቀመሩ አንድ ቦታ ላይ ስለፈረሰባቸው ሞገድ የለም ብለው ነበር። የፈረሰው ግን ለስሌቱ የመረጡት መጋጠሚያ (ኮኦርዲኔት) እንጂ ሞገዱ አልነበረም። ገምጋሚው ሃዋርድ ሮበርትሰን ይህንኑ በኋላ ለአንስታይን አዲስ ረዳት በጨዋታ መሐል አስረዳው፤ ገምጋሚው እኔ ነበርኩ አላለም። ጽሑፉ በ1937 ሲወጣ ድምዳሜው ተገልብጦ ነበር።

ለአንስታይን ያልቀረ ነገር ለጀማሪ ተመራማሪ አይቀርም። አርታኢው መጀመሪያ የሚያየው ርዕሱ ከጆርናሉ ጋር መግጠሙን ነው፤ ብዙ ጽሑፍ ገምጋሚ ዘንድ ሳይደርስ እዚሁ ይመለሳል። ያለፈው ብዙውን ጊዜ ለሁለት ወይም ለሦስት ገምጋሚዎች ይላካል፤ ወራት ይፈጃል። በዚህ መሐል ያንኑ ጽሑፍ ለሌላ ጆርናል መላክ ነውር ነው።

«አሻሽለህ መልስ» የሚል ደብዳቤ ደርሶት የሚያዝን ሰው ብዙ ነው። በእኔ ግምት ግን የምሥራች ነው፤ በር አልተዘጋም ማለት ነውና። መልሱ ነጥብ በነጥብ ይጻፋል፦ «ገምጋሚ 2፦ የናሙናው ብዛት በምን ተወሰነ? መልስ፦ ስሌቱን ገጽ 6፣ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ጨምረናል።» ገምጋሚው ተሳስቷል ካሉም በማስረጃ ይሞግቱ፤ ዝም ብሎ ማለፍ ግን አያዋጣም።

ሳይጠየቅ ኢሜይል እየላከ በጥቂት ቀናት አትማለሁ፣ ገንዘቡን ላክ የሚል ጆርናልም አለ። እንዲህ ካለው ይሽሹ፤ ለሰው ሳያስነብብ የሚያትም ነው። እርግጥ ደህናዎቹም ጽሑፉ ለሁሉም በነጻ እንዲነበብ ከደራሲው ያስከፍሉ ይሆናል፤ አንዳንዱ ሂሳብ በሺህ ዶላር የሚቆጠር ነው። ብዙዎቹ ትልልቅ አሳታሚዎች ግን እንደ ኢትዮጵያ ካሉ አገሮች ለሚልኩ ተመራማሪዎች ክፍያውን ይምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። ምሕረቱን የሚጠይቁት ጽሑፉን ሲያስገቡ ነው፤ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ የሚመጣን ጥያቄ የማይቀበሉ አሉ።