ስለ ጦርነት ስሞች በእንግሊዝኛ ቋንቋ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የጦርነትን ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው የመንግሥት ሹም ነው። ስለዚህ የውጭ አገር ውልና ደብዳቤ የሚመረምር ሰው ሁሉ፥ ጦርነት በእንግሊዝኛ በስንት ስም እንደሚጠራና ስሙም ስለ ምን እንደሚለዋወጥ ሊያውቅ ይገባዋል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1066 ዓ.ም. የኖርማንዲ መስፍን ዊልያም ባሕር ተሻግሮ የእንግሊዝን አገር ድል አድርጎ ነገሠ። ከዚያም በኋላ የቤተ መንግሥቱና የመኳንንቱ ቋንቋ ብዙ ዘመን ፈረንሳይኛ ሆኖ ስለ ኖረ፥ ብዙዎቹ የሥልጣንና የጦር ቃላት ከድል አድራጊው ወገን ገቡ። ሠራዊትን «አርሚ»፥ ጠላትን «ኤነሚ»፥ ሰላምን «ፒስ»፥ አስተዳደርን «ገቨርንመንት» ማለት ከዚያ የመጣ ነው። ወታደር የሚጠራበት «ሶልጀር» የሚለውም ቃል «ሶሊዱስ» ከሚባለው ከሮማውያን የወርቅ ገንዘብ ስም የወጣ ሲሆን፥ በደመወዝ የሚያገለግል ማለት ነው። እግረኛው በእጁ የሚይዛቸው ሰይፍና ጦር፥ ጋሻና ቀስት ግን የቀድሞ ስማቸውን እንደ ያዙ ቀሩ። «ዎር» የሚለው የጦርነት ስምም በጥንተ ትርጓሜው ሁከት ማለት ነው። የአማርኛው ጦርነት ከመሣሪያው ስም ሲወጣ፥ የእንግሊዝኛው መሣሪያው ከሚያመጣው ነገር ወጣ።

በ1907 ዓ.ም. በሄግ ከተማ የተዋዋሉት መንግሥታት፥ አስቀድሞ በግልጽ ሳይታወጅ ወይም የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ውጊያ እንዳይጀመር ተስማሙ። ከዚህ በኋላ ቃሉ የሕግ ዕዳ ያለበት ቃል ሆነ፤ ዕዳውን የሚሸሽም ቃሉን መሸሽ ጀመረ።

ኢጣልያ በ1935 ዓ.ም. ጦርነት ሳታውጅ የኢትዮጵያን ወሰን ጥሳ ገባች። የዓለም መንግሥታት ማኅበር ምክር ቤት ግን ሥራውን በእውነተኛ ስሙ ጠርቶ፥ ኢጣልያ ቃል ኪዳኗን አፍርሳ ወደ ጦርነት መሄዷን ፈረደ። ነገር ግን ስሙን የሚከተል በቂ ሥራ ስላልተሠራ፥ አገሪቱ ከመወረር አልዳነችም። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ ጃፓን በቻይና ላይ የከፈተችውን ታላቅ ውጊያ «ድንገተኛ ነገር» ብላ ጠራችው። የአሜሪካ ሕግ በጦርነት ላይ ላሉ መንግሥታት የጦር መሣሪያ መሸጥን የሚከለክል ነበርና፥ ጦርነት ነው ተብሎ ስላልታወጀ ሕጉ በሁለቱ አገሮች ላይ ሳይሠራ ቀረ።

በ1950 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ትሩማን ስለ ኮርያ ሲጠየቁ፥ ነገሩን «የፖሊስ ሥራ» ማለት እንደሚቻል ተናገሩ። ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ወደዚያ ዘምተው ከመቶ የሚበልጡ ሞተዋል። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤደንም በ1956 ዓ.ም. በስዊዝ ጉዳይ መንግሥታቸው በመሣሪያ ግጭት እንጂ ከግብፅ ጋር በጦርነት ላይ አይደለም ብለው ነበር። የስሙ መለዘብ ግን የቁስሉን መድማት አላስቀረም።

ይህን የስም ሽሽት የተረዱ የሕግ ዐዋቂዎች በ1949 ዓ.ም. በዤኔቭ በተፈረሙት ውሎች መንገዱን ሊዘጉ ደከሙ። ውሎቹ ለቈሰለውና ለተማረከው፥ ለሰላማዊውም ሰው የሚሰጡት ጥበቃ ጦርነት ሲታወጅ ብቻ ሳይሆን፥ በመንግሥታት መካከል ማናቸውም የመሣሪያ ግጭት ሲነሣ፥ ከተዋጊዎቹ አንዱ የጦርነት ስም ቢነሣው እንኳ፥ እንዲጸና ታዘዘ። ፍርዱ ከስሙ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እንግዲህ የእንግሊዝኛውን ቃል ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው የመዝገበ ቃላቱን ፍቺ ማግኘት ብቻ አይበቃውም። ስሙን ያወጣው ማን እንደ ሆነ፥ በእውነተኛ ስሙ ቢጠራውም ምን ዕዳ ይከፍል እንደ ነበር መመርመር አለበት። ይህን ሳይመረምር የሚተረጉም ግን የሌላውን ማመካኛ በገዛ አገሩ ቋንቋ ይጽፋል።