የትራክተር ካምቢዮ፦ «ሳይቃጠል በቅጠል»

የክረምቱ ዝናብ ጥሎ መሬቱ ለእርሻ ሲመች በአዳማ፣ በሉሜ፣ በቦሰትና በዱግዳ ወረዳዎች የትራክተር ተራ የሚጠብቀው አርሶ አደር ብዙ ነው። በዚህ ወቅት የአንድ ትራክተር ካምቢዮ ቢሰበር የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። ተራ የያዙት ሁሉ የዘር ጊዜያቸው ያልፍባቸዋል።

አዳማ ለትራክተር እንግዳ አይደለችም። በ1970ዎቹ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመው የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ «ቤላሩስ» ትራክተሮችን እየገጣጠመ ለአገሪቱ እርሻዎች ሲያቀርብ ቆይቷል። በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው ቤላሩስ ኤም ቲ ዜድ 80 ወደ ፊት 18፣ ወደ ኋላ 4 ማርሾች አሉት። ዋናው ካምቢዮ ወደ ፊት 9፣ ወደ ኋላ 2 ማርሽ ሲኖረው ፍጥነት ቀናሹ ክፍል ቁጥሩን እጥፍ ያደርገዋል።

የካምቢዮ ሥራ የሞተሩን ፍጥነት ወደ ጉልበት መለወጥ ነው። 20 ጥርስ ያለው ማርሽ 60 ጥርስ ያለውን ሲያዞር፣ ትልቁ ማርሽ በሦስት እጥፍ ቀርፋፋ፣ በሰበቃ የሚባክነው ሳይቆጠር ግን በሦስት እጥፍ ብርቱ ይሆናል። በሞጆ አካባቢ ባለው ዋልካ መሬት ላይ ማረሻ የሚጎትት ትራክተር ዝቅ ያለ ማርሽ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ፍሪሲዮን ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ሁለቱን ያለያያል። በኤም ቲ ዜድ 80 ፔዳሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር በነፃ መውረድ አለበት። ነፃነቱ ከጠፋ የፍሪሲዮን ሸራው እየተንሸራተተ ይቃጠላል፤ ከበዛ ደግሞ ፍሪሲዮኑ በደንብ ስለማይለቅ ማርሽ ሲገባ ይንኳኳል። ፔዳሉ ላይ እግርን አሳርፎ ማረስም ሸራውንና ኩሽኔታውን ይበላል። ይህ ካምቢዮ ትራክተሩ እየሄደ ማርሽ እንዲቀየርበት አልተሠራም። ትራክተሩ ቆሞ፣ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ ነው ማርሽ የሚለወጠው። እየሄደ በግድ የሚያስገባ ሹፌር የማርሹን ጥርስ ይሰብራል።

የካምቢዮ ዕድሜ በዘይቱ ይወሰናል። መጠኑ የሚታየው ትራክተሩ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ዘይቱ ከረጋ በኋላ ነው። ሲቀየር ሞቅ እያለ ቢፈስ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። የሚፈሰው ዘይት ራሱ ይናገራል። ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ ደቃቅ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለው ብረት እየተበላ ነው፤ የብረት ስባሪ ከወጣ ግን ትራክተሩ ወደ እርሻ ሳይሆን ወደ ጋራዥ መሄድ አለበት። በስምጥ ሸለቆው አቧራ የካምቢዮው መተንፈሻ ሲደፈን ግፊቱ ዘይቱን በፓራኦሊዮ በኩል ያስወጣል። ስለዚህ መተንፈሻውን ማጽዳት ትንሽ የሚመስል፣ ግን ብዙ ወጪ የሚያድን ሥራ ነው።

ማርሽ በራሱ እየወጣ የሚያስቸግር ከሆነ የሚገፋው ሹካ ወይም የሚይዘው ሞላ ሳያልቅ አልቀረም። በእጅ ይዞ ማረስ መፍትሔ አይሆንም፤ ጥርሱ ጫፍ ለጫፍ እየተያዘ ይበላል።

የወረዳ ግብርና ባለሙያዎችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለእያንዳንዱ ትራክተር የሥራ ሰዓት መዝገብ ቢያስይዙ፣ የዘይት መቀየሪያው ጊዜ በግምት ሳይሆን በትራክተሩ መመሪያ መሠረት ይታወቃል። ምርመራውም እርሻ ሳይጀመር፣ ገበሬው ተራ ሳይዝ፣ በበጋው ቢጠናቀቅ ይመረጣል። በሰኔ የሚቆም ትራክተር የሚያስከፍለው የመለዋወጫ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የዓመት ምርት ነውና።