ሁለት ሮዝ ፓኬቶች

አክስቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ስኳር ከተወች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ጣፋጭ ግን አልተወችም። የቦርሳዋ ኪስ ሲከፈት ትንሽ ሱቅ ነው፦ ከዋሽንግተን የተላከላት ሮዝ ፓኬት፣ ከቶሮንቶ የመጣ ሌላ ሮዝ ፓኬት፣ ጫን ሲሉት አንዲት ነጭ ክኒን ጣል የሚያደርግ የአውራ ጣት ያህል ፕላስቲክ። አቦል ተቀድቶ እሷ ቦርሳዋን መጎርጎር ስትጀምር ጎረቤታችን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላሉ፦ «ኧረ ይሄን ነገር ተዪው፣ ካንሰር ያመጣል አሉ።» የአክስቴም መልስ አይለወጥም፦ «ስኳሩስ ምን አተረፈልኝ?»

ክርክሩ በየቡናው ሲደጋገም ጊዜ አንድ ቀን ሁለቱን ፓኬቶች ጎን ለጎን አድርጌ ጀርባቸውን አነበብኩ። ስማቸው አንድ ነው፣ ስዊት ኤን ሎው። ቀለማቸውም አንድ። ይዘታቸው ግን ይለያያል፤ የዋሽንግተኑ ሳካሪን ነው፣ የቶሮንቶው ሳይክላሜት። አሜሪካ ሳይክላሜትን ከ1969 ጀምሮ ከምግብ አስወጥታዋለች (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ ካናዳ ግን በገበታ ላይ ለሚጨመር ማጣፈጫነት ፈቅዳዋለች። ካናዳ በበኩሏ ሳካሪንን ለአሥርት ዓመታት ገድባ ይዛ የለቀቀችው በ2014 ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ ያው ሳካሪን በየምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ኖሯል። የሰው አንጀት የናያጋራን ፏፏቴ ሲሻገር እንደማይለወጥ የታወቀ ነው። ታዲያ አንዱ አገር መርዝ ያለውን ሌላው እንዴት ማጣፈጫ ይለዋል? ነገሩ እንዲገባኝ ወደ ኋላ መሄድ ነበረብኝ።

ሳካሪን የተገኘው ካልታጠበ እጅ ነው። በ1879 ኮንስታንቲን ፋልበርግ የሚባል ኬሚስት ባልቲሞር በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚወጡ ውህዶችን ሲያገላብጥ ውሎ እራት ቀረበ። ዳቦው ያለ ወትሮው ጣፈጠው። ጣቱን ላሰ፤ ጣፋጩ ከዳቦው ሳይሆን ከእጁ ነው። ተነሥቶ ወደ ቤተ ሙከራው ተመለሰና በጠረጴዛው ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ እየዞረ ቀመሰ። ዛሬ እንዲህ ያለ ኬሚስት ቢገኝ በማግስቱ ሥራ ፈላጊ ይሆናል። ፋልበርግ ግን ሀብታም ሆነ፤ የፈጠራ መብቱን የቤተ ሙከራውን አለቃ አይራ ሬምሰንን ትቶ በራሱ ስም ስላስመዘገበ ከሰውየው ጋር ክፉኛ ተቀያየመ።

የሚገርመው፣ ተከታዮቹም የመጡት በዚያው መንገድ ነው። ሳይክላሜት በ1937 የተገኘው በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ማይክል ስቬዳ ከሥራ ጠረጴዛው አንሥቶ ያጨሰው ሲጋራ ጣፍጦት ነው። አስፓርቴም በ1965 የተገኘው የጨጓራ ቁስለት መድኃኒት ይሠራ የነበረው ጄምስ ሽላተር ወረቀት ለመግለጥ ጣቱን ሲልስ ነው። ስለ ሱክራሎዝ የሚተረከው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፦ በ1976 ለንደን ውስጥ ሻሺካንት ፋድኒስ የሚባል ወጣት ተመራማሪ ውህዱን «መርምረው» ሲባል «ቅመሰው» የተባለ መስሎት ቀመሰው። በእንግሊዝኛ ሁለቱ ቃላት በድምፅ ተቀራራቢ ናቸው።

ሮዟን ፓኬት የፈጠረው ቤንጃሚን አይዘንስታት ኬሚስት አልነበረም። ብሩክሊን ውስጥ ምግብ ቤት የነበረው ሰው ነው። ሻይ በከረጢት ማሸግ ጀመረ፣ ከዚያ በማሸጊያው ማሽን ስኳርን በትንንሽ ወረቀት ማሸግ እንደሚቻል ታየው፣ በ1957 ደግሞ ስኳር ለማይበሉ ሰዎች ሳካሪንና ሳይክላሜትን ቀላቅሎ ስዊት ኤን ሎውን ለገበያ አቀረበ። እንግዲህ የአክስቴ ሁለት ፓኬቶች መጀመሪያ አንድ ነበሩ ማለት ነው። የለያያቸው ሕግ ነው።

ሕጉ የ1958ቱ የአሜሪካ የዴላኒ አንቀጽ ይባላል። ቃሉ አጭርና ምሕረት የለሽ ነው፤ በሰውም ሆነ በእንስሳ ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል የታየ ማንኛውም የምግብ ተጨማሪ፣ መጠኑ የቱንም ያህል ቢያንስ፣ አይፈቀድም ይላል። በ1969 የሳይክላሜትና የሳካሪን ቅልቅል በብዛት የተመገቡ አይጦች የሽንት ፊኛ ዕጢ አወጡና ሳይክላሜት ታገደ። በ1977 ተራው የሳካሪን ሆነ። ካናዳ ውስጥ ከመኖአቸው 5 በመቶው ሳካሪን የሆነ አይጦች እንደዚያው ታመሙና የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሊያግደው ተነሣ። ያኔ ግን በአሜሪካ ገበያ ሌላ ምትክ አልነበረም። የስኳር ሕመምተኞችና ክብደት ቀናሾች ለምክር ቤቱ የተቃውሞ ደብዳቤ አዘነቡበት። ምክር ቤቱም እገዳውን አስቁሞ በፓኬቱ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ብቻ አደረገ።

ማስጠንቀቂያው የተነሣው ከ23 ዓመት በኋላ፣ በ2000 ነው። ምክንያቱ የአይጥ ሽንት ነው፤ ይህን ሳነብ ቡናዬን አስቀምጬ ሳቅሁ። የወንድ አይጥ ሽንት በፕሮቲንና በካልሲየም ፎስፌት የበለጸገ ነው። ሳካሪን በብዛት ሲገባበት እንደ አሸዋ ያለ ደቃቅ ነገር ይረጋል፣ ያም የፊኛውን ግድግዳ እየፋቀ ያቆስላል፣ ቁስሉ ሲድንና ሲያገረሽ ዕጢ ይወጣል። የሰው ሽንት እንዲህ አይደለም። አይጧ አልዋሸችም፤ የተናገረችው ግን ስለ ራሷ ነበር።

ታዲያ ለሰው የሚሆነው መጠን እንዴት ይቆረጣል? ይህን የሚሠራው የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) የጋራ ኮሚቴ ነው፤ ከ1956 ጀምሮ የምግብ ተጨማሪዎችን አንድ በአንድ ይመዝናል። አሠራሩ ለገበያ ሴት አይከብዳትም። እንስሳት ዕድሜ ልካቸውን ሲመገቡት ምንም ያላደረጋቸው ከፍተኛ መጠን ይፈለጋል። ለአስፓርቴም ይህ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 4,000 ሚሊ ግራም ሆነ። ያ ለ100 ይካፈላል፤ አንዱ 10 ሰው ከእንስሳ ስለሚለይ፣ ሌላው 10 ሰው ከሰው ስለሚለይ። የሚቀረው 40 ሚሊ ግራም ነው። አሜሪካ 50 ትላለች።

አሁን የአክስቴን የአስፓርቴም ክኒን እንመዝን። አስፓርቴም ከስኳር 200 ጊዜ ያህል ይጣፍጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ቢሆን፣ ያንኑ ጣዕም የሚሰጠው 20 ሚሊ ግራም ነው። አክስቴ 60 ኪሎ ናት (እሷ 58 ነኝ ትላለች)። የዕለት ጣሪያዋ 2,400 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 120 ክኒን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብላ፣ ሻይም ጨምራ፣ ሠርግ ላይ ብትውል እንኳ 15 አትደርስም።

ጎረቤታችን የሰሙት ወሬ ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። በሐምሌ 2023 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አስፓርቴምን «ምናልባት ካንሰር ሊያስከትል ይችላል» በሚለው 2ቢ በተባለው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። በዚያው ቀን ከላይ የጠቀስኩት ኮሚቴ 40 ሚሊ ግራሙን የምቀይርበት ምክንያት አላገኘሁም አለ። ሁለቱም የዓለም ጤና ድርጅት ጥላ ሥር ያሉ ናቸው። ሬዲዮ የሰማው ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

የሚጠይቁት ጥያቄ የተለያየ ነው። ኤጀንሲው የሚጠይቀው «ይህ አውሬ ይነክሳል ወይ?» ብሎ ነው። ኮሚቴው «አጥርህ ምን ያህል ነው፣ አውሬውስ ምን ያህል ርቀት ላይ ነው?» ይላል። ጅብ ይነክሳል፤ በር ዘግቶ ለተኛ ሰው ግን ድምፁ ብቻ ነው የሚደርሰው። ደግሞ 2ቢ ማለት በጨለማ የታየው ነገር ጅብ ይሁን ውሻ ገና አልተለየም ማለት ነው። በዚያው ምድብ የእሬት ሙሉ ቅጠል ጭማቂ አለ። አልኮልና እንደ ቋሊማ ያለ የተቀነባበረ ሥጋ ያሉት ደግሞ ጅብነታቸው በተረጋገጠበት በምድብ 1 ነው፤ እነሱን ቡና ላይ «ተዪው» የሚል ሰው አልሰማሁም።

አስፓርቴም በሆድ ውስጥ ሲፈርስ ሁለት አሚኖ አሲዶችና ጥቂት ሜታኖል ይሆናል። ሜታኖል የሚለው ስም ያስደነግጣል፤ ነገር ግን አንድ ብርጭቆ የቲማቲም ጭማቂ ከአንድ ብርጭቆ ዳይት ለስላሳ የበለጠ ሜታኖል ይሰጣል። በእርግጥ አስፓርቴም የሚከለከላቸው ሰዎች አሉ። ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባል ብርቅ የሆነ ሕመም ይዘው የሚወለዱ ልጆች ፌኒልአላኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ መፍጨት አይችሉም፣ ተጠራቅሞ አንጎላቸውን ይጎዳል። በጠርሙሱ ላይ በደቃቅ ፊደል «ፌኒልአላኒን አለበት» የሚለው ለእነሱ ነው። ሌላም ተራ ነገር ልንገራችሁ፤ አስፓርቴም እሳት አይወድም፣ ሲፈላ ጣዕሙ ይጠፋል። ሻይ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ሳይሆን ብርጭቆው ላይ ነው የሚጨመረው። ኬክ ለመጋገር ሱክራሎዝ ይሻላል።

ስለ ምግብ ቀለሞች ብዙ አልልም፤ ራሳቸውን የቻሉ ረጅም ታሪክ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ፦ ቀይ 3 የሚባለውን የከረሜላ ቀለም አሜሪካ በ1990 ከመዋቢያ ዕቃ ስታግድ ከምግብ ሳታግደው ቆይታ፣ ያገደችው በጥር 2025 ነው። ለ35 ዓመት ከንፈር መቀባት የተከለከለው ቀለም መዋጥ ተፈቅዶለት ነበር። ተቆጣጣሪ ሁሉ አዋቂ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ይህን ያስታውስ።

እኔን በበለጠ የሚያስፈራኝ ግን ስሙ በፓኬቱ ጀርባ ያልተጻፈው ነው። በ2005 ብሪታንያ ውስጥ ሱዳን 1 የሚባል የኢንዱስትሪ ቀለም በዱቄት በርበሬ በኩል ገብቶ ከ400 በላይ የምግብ ዓይነቶች ከሱቅ ተሰበሰቡ። እኛም ዘንድ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ እንጀራ ውስጥ ጄሶ ሲገኝ በዜና ሰምተናል። ሸክላ ስንት ሚሊ ግራም ይፈቀዳል ብሎ የተቀመጠ ኮሚቴ የለም። ኢ951 ብሎ የተጻፈበት ነገር ቢያንስ ማንነቱን ተናግሯል፤ አስፓርቴም ነኝ ብሏል።

እስካሁን ለክኒኑ ጥብቅና የቆምኩ እመስላለሁ። አይደለም። አይጎዳም ማለትና ይጠቅማል ማለት ለየቅል ናቸው፤ ሻጮቹ ለአንድ ምዕተ ዓመት የኖሩት ሁለቱን በማምታታት ነው። በግንቦት 2023 የዓለም ጤና ድርጅት እነዚህን ማጣፈጫዎች ክብደት ለመቀነስ አትጠቀሙባቸው ሲል መከረ፤ በረጅም ጊዜ የሰውነት ስብ እንደሚያቀልሉ ማስረጃ አላገኘምና። ምክሩ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም። በ2022 ደግሞ የእስራኤሉ የቫይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች በ120 ሰዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ሳካሪንና ሱክራሎዝ የአንዳንዶችን የአንጀት ተሕዋስያን ለውጠው ሰውነታቸው ስኳርን የሚያስተናግድበትን መንገድ አዛብተዋል፤ ለሁሉም ሰው ግን አይደለም። ሳካሪን ሳይፈጭ በሽንት ይወጣልና ሰውነት ላይ ምንም አይሠራም የሚለው አሮጌ መከራከሪያ ከዚህ ወዲያ እንደ ድሮው አይጸናም።

ይህን ሁሉ ይዤ ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ተቀመጥኩ። ስለ አይጥ ሽንት ስነግራቸው ጎረቤታችን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «120 ክኒን?» አሉ ቀጥለው፣ «ማን ይቆጥራል?» አክስቴ ድል እንዳደረገ ሰው ፕላስቲኳን ጫን አደረገችና ክኒኗ ሲኒው ውስጥ ጠብ አለች። ከዚያ እጇን ሰደድ አድርጋ ከሰፌዱ ላይ የድፎ ዳቦውን ዳር ቆረሰች፤ የመዳፍ ያህል። ቀና ስትል እኔም ጎረቤታችንም እያየናት ነበር።

«ይሄ ደግሞ ስኳር የለበትም» አለች።