ወሰኑ ሲስተካከል ሕክምናው ለምን አልተከተለም? የሥርዓተ ፆታ አድልዎ በሴቶች የልብ ሕመም ምርመራ

መግቢያ

በሕክምና ውስጥ ያለው የሥርዓተ ፆታ አድልዎ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው ሐኪሙ ለታካሚዋ ያለው አመለካከት ነው። ይሁን እንጂ አድልዎ ሐኪሙ ታካሚዋን ከማየቱ በፊት በምርምሩ ናሙናና በምርመራው መለኪያ ውስጥ ሊሰርፅ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ድንገተኛ የልብ ሕመምን፣ ማለትም ወደ ልብ ጡንቻ የሚሄደው ደም ሲቋረጥ የሚደርሰውን ጉዳት፣ በምሳሌነት ወስዶ አድልዎ በማስረጃ፣ በመለኪያና በሕክምና ውሳኔ ደረጃ እንዴት እንደሚገለጥ ያብራራል። መለኪያን ማስተካከል አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን በቂ እንዳልሆነም ይከራከራል።

ከማስረጃው የጎደሉት

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው መመሪያ መውለድ የሚችሉ ሴቶች በመድኃኒት ሙከራ የመጀመሪያ ምዕራፎች እንዳይሳተፉ አድርጎ ነበር። ዓላማው ፅንስን ከጉዳት መጠበቅ ቢሆንም መድኃኒቶች በሴቶች አካል ውስጥ ስለሚኖራቸው ጠባይ የሚገኘውን ዕውቀት አሳንሷል። ክልከላው የተነሣው በ1993 ነው።

የዚያ ዘመን የልብ ምርምርም ተመሳሳይ ገጽታ ነበረው። አስፒሪን የመጀመሪያ የልብ ሕመምን ይከላከል እንደሆነ የፈተነውና ውጤቱ በ1989 የታተመው የአሜሪካ ሐኪሞች ጥናት 22,071 ተሳታፊዎች በሙሉ ወንዶች ነበሩ፤ ጥናቱም መድኃኒቱ ሕመሙን በጉልህ እንደሚቀንስ አሳየ። በ2005 የታተመው የ39,876 ሴቶች ጥናት ግን በአነስተኛ መጠን የተሰጠ አስፒሪን የስትሮክን አደጋ ቢቀንስም የልብ ሕመምን በአጠቃላይ በጉልህ እንዳልቀነሰ አመለከተ። በሁለቱ ውጤቶች መካከል 16 ዓመታት አልፈዋል።

አንድ ወሰን ለሁለት ፆታ

የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ትሮፖኒን የተባለ ፕሮቲን ወደ ደም ይገባል። ጉዳት መድረሱ የሚታወቀው መጠኑ ከጤናማ ሰዎች 99 በመቶ ያህሉ ከማያልፉት ወሰን በላይ ሲሆን ነው። የጤናማ ሴቶች የትሮፖኒን መጠን ከጤናማ ወንዶች ያነሰ ስለሆነ ለሁለቱም የወጣ አንድ ወሰን ለሴቶች ከፍ ይላል። በዚህም ምክንያት ልቧ የተጎዳ ሴት ጤነኛ ነሽ ተብላ ወደ ቤቷ ልትሸኝ ትችላለች።

በፆታ የተለያየ ወሰን ለሕክምና እንግዳ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስን የሚለየው ለወንዶች 13፣ ነፍሰ ጡር ላልሆኑ ሴቶች ደግሞ 12 ግራም ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር በሆነ ወሰን ነው።

በኤድንብራ በ1,126 ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2015 የታተመ ጥናት የዚህን ለውጥ ትርጉም አሳይቷል። ለሁለቱም ፆታ 50 ናኖግራም በሊትር የነበረው ወሰን፣ ይበልጥ ረቂቅ በሆነ ምርመራ ለወንዶች 34፣ ለሴቶች 16 ሲደረግ ሕመሙ የተገኘባቸው ሴቶች ከ11 ወደ 22 በመቶ ከፍ አሉ። የወንዶቹ ጭማሪ ከ19 ወደ 21 በመቶ ብቻ ነበር።

ከምርመራ ወደ ሕክምና

ተከታዩ ጥያቄ፣ ሕመማቸው የታወቀላቸው ሴቶች ታከሙ ወይ? የሚል ነው። በስኮትላንድ 10 ሆስፒታሎች 48,282 ታካሚዎችን ያካተተውና በ2019 የታተመው ጥናት አዲሱ አሠራር የልብ ጡንቻ ጉዳት የተገኘባቸውን ሴቶች በ42 በመቶ፣ ወንዶችን በ6 በመቶ እንደጨመረ አረጋገጠ። ሆኖም ጉዳት ከተገኘባቸው መካከል የተዘጋ የልብ ደም ሥር የተከፈተላቸው ወይም የተተካላቸው ሴቶች 15 በመቶ፣ ወንዶች 34 በመቶ ነበሩ። የደም መርጋትን የሚከላከሉ ሁለት መድኃኒቶች በጥምር የታዘዙላቸውም ሴቶች 26፣ ወንዶች 43 በመቶ ናቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ የታየው የሴቶቹ ጤና ውጤትም አልተሻሻለም።

ልዩነቱ በሙሉ አድልዎ ነው ማለት አይቻልም። ሴቶች በአማካይ ዕድሜያቸው ገፍቶ ይታመማሉ፤ የጉዳታቸው ምንጭም ከዋና ደም ሥር መዘጋት ውጭ የመሆኑ ዕድል ከወንዶች ይበልጣል። ነገር ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳት የሚስማማው ሕክምና የትኛው እንደሆነ የሚያሳየው ማስረጃ ውስን ነው። ሐኪሙ ቢያመነታ፣ ከማመንታቱ ጀርባ ሴቶችን ያላካተተው ምርምር አለ። ሦስቱ ደረጃዎች የሚገናኙት በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ጉዳይ ለተመራማሪዎች ሁለት ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛው፣ በሀገራችን በሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ከሌላ ቦታ የተወሰደ የምርመራ ወሰን ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በማን ላይ ተለክቶ እንደወጣ መጠየቅ ይገባል፤ ውጤቱም በፆታ ተለይቶ መቅረብ አለበት። ሁለተኛው፣ የአንድ ማሻሻያ ስኬት በተገኙት ሕሙማን ቁጥር ብቻ መመዘን የለበትም። ሕመሟ የታወቀላት ሴት ሕክምናውን ማግኘቷና መዳኗ እስካልተለካ ድረስ አድልዎው ከቤተ ሙከራው ወጥቶ ወደ ሕክምና ክፍሉ መሸጋገሩ ሳይታወቅ ይቀራል።