ያውቁ ኖሯል? ላቴክስ ፍራሽ የገዛ ሰው የቀድሞ ትራሱ ሊወፍርበት ይችላል

ላቴክስ ከጎማ ዛፍ ግንድ የሚቀዳ ወተት መሰል ፈሳሽ ሲሆን፣ ይህ ፈሳሽ ተመትቶ አረፋ ከሆነ በኋላ በሙቀት ረግቶ ፍራሽና ትራስ እንዲሆን ያስቻለው ዘዴ በ1920ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዙ የደንሎፕ ኩባንያ የተገኘ ነው። በሪያድ የኢንዱስትሪ ሠፈር በሰናኢያ፣ በቀጭን ስፖንጅ ላይ በጎኑ ሲተኛ የኖረ ሠራተኛ ትከሻው ስለማይሰምጥ በጆሮውና በፍራሹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ነው፤ ስለዚህም ወፈር ያለ ትራስ ያስፈልገዋል። ለስለስ ያለ ላቴክስ ግን ትከሻን ተቀብሎ ዝቅ ስለሚያደርግ ክፍተቱ ይጠብባል፣ የቀድሞው ትራስም አንገትን ወደ ላይ እየገፋ ያሳምማል። ጠንከር ያለው ላቴክስ ይህን ያህል ለውጥ አያመጣም። በጀርባ ለሚተኛ መካከለኛ፣ በሆድ ለሚተኛ ደግሞ እጅግ ስስ ትራስ ይስማማል። በጎን የሚተኛ ሰው ትራስ ከመግዛቱ በፊት ፍራሹ ላይ ተኝቶ ፎጣ አጣጥፎ ከራስ ሥር ማድረግና አፍንጫ ከደረት መሐል ጋር ቀጥ እስኪል ድረስ እጥፉን መጨመር ወይም መቀነስ ተገቢውን ከፍታ ያሳያል፤ ይህም ከሻጭ ምክር ይልቅ የሚታመን መለኪያ ነው።

ትራሱም ላቴክስ ከሆነ አያያዙ ይለያል። የጥጥ ትራስን ፀሐይ ላይ ማስጣት መልካም ልማድ ቢሆንም፣ የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍበት በሪያድ ላቴክስን ጣሪያ ላይ ማስጣት ጎማውን አድርቆ እንዲፈረፈር ያደርገዋል፤ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ማናፈስ ይበቃዋል።