በሰው አገር መኪና ለመንዳት ስለ መፍራት

ፍርሃት ለሰው ልጅ የተሰጠው ሕይወቱን ይጠብቅበት ዘንድ ነው እንጂ ከሥራው ይቀርበት ዘንድ አይደለም። ዳሩ ግን ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ባለማወቁ፣ አንዱ ፍርሃቱን ንቆ ወደ አደጋ ይገባል፤ ሌላው ደግሞ ፍርሃቱን እንደ ጌታ አክብሮ ከቤቱ ሳይወጣ ይቀራል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ለአንባብያን የምናቀርበው ነገር በውጭ አገር መኪና ተከራይቶ ስለ መንዳት ነው። ነገሩን ከሰው የሰማነው ሳይሆን በራሳችን ላይ ደርሶ ያየነው ስለ ሆነ፣ ያፈርንበትንም ሳንደብቅ እንጽፈዋለን።

በ2016 ዓ.ም. የባለቤታችን ታላቅ እኅት በሚኖሩበት በኬንያ አገር በናኩሩ ከተማ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። በናይሮቢ ሐኪም ቤት ታክመው ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ፣ ሐኪሙ እንደገና ሊያያቸው ቀን ቈርጦ ነበር። ከናኩሩ እስከ ናይሮቢ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማታቱ በሚባለው በአገሩ የሕዝብ ማመላለሻ ታጥፈው እንዳይቀመጡ ስብራቱ አይፈቅድም፤ ልጆቻቸውም በሩቅ አገር ይኖራሉ። መኪናን ከነሾፌሩ ለብዙ ቀን መከራየት ከአቅማችን በላይ ሆነ። ስለዚህ ወደዚያ ሄደን መኪና ተከራይተን እኛው ራሳችን ልናመጣቸው ግድ ሆነብን።

በአዲስ አበባ ከተማ ከ15 ዓመት በላይ ስንነዳ ኖረናል። ይሁን እንጂ ጉዞው ከተቈረጠበት ቀን ጀምሮ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አጣን። የኬንያ መኪና መሪው በቀኝ ነው፤ የሚነዳውም በመንገዱ በግራ በኩል ነው። ከዚህም በላይ በፍርድ ቤት ጸሐፊነታችን የመኪና አደጋ መዝገብ ብዙ ስለ ገለበጥን፣ ሌላው ሰው በወሬ የሚሰማውን እኛ በቃል በቃሉ እናውቀዋለን።

ከእነዚያ መዝገቦች አንዱ ከልባችን አይጠፋም። አንድ ሰው በግራ በሚነዳበት አገር ብዙ ዓመት ኖሮ ወደ አገሩ ተመለሰ። አንድ ቀን በማለዳ ከአንድ መታጠፊያ ሲወጣ ሳያስበው የመንገዱን ግራ ይዞ ሄደ። ጥቂት እንደ ተጓዘም ከፊቱ ከመጣ የጭነት መኪና ጋራ ተጋጨ፤ በአጠገቡ ተቀምጣ የነበረች እኅቱም ሞተች። ዳኛው ይህን ስሕተት እንዴት ሊሠራ እንደቻለ ሲጠይቁት፣ «መንገዱ ባዶ ነበረ» ብሎ መለሰ። ቃሉን በእጃችን ጻፍነው። በዚያን ጊዜ ምክንያት አልመሰለንም ነበር፤ እውነተኛ ምክንያት መሆኑን ያወቅነው ኋላ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት አንድ የሚያጽናና ታሪክ እናስታውስ። በግራ መንዳት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያም እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ መኪና የሚነዳው በግራ ነበር፤ ወደ ቀኝ የተለወጠው በዚያው ዓመት ሰኔ 1 ቀን ነው። በዚያን ዘመን የነበሩ ነጂዎች ሁሉ ትናንት የለመዱትን ዛሬ ትተው አዲሱን ለመዱ። የስዊድን ሕዝብም በ1959 ዓ.ም. በነሐሴ ወር መጨረሻ እንዲሁ በአንድ ቀን ከግራ ወደ ቀኝ ተሻገረ። ዛሬም ከዓለም ሕዝብ ሲሶ ያህሉ በግራ በሚነዳበት አገር ይኖራል፤ እንግሊዝ፣ ሕንድ፣ ጃፓን፣ አውስትራልያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ከጎረቤቶቻችንም ኬንያ ከእነዚህ ናቸው። እንግዲህ ነገሩ ለሰው እጅና ዓይን የማይቻል አይደለም ማለት ነው። የሚያስፈልገው ፍርሃትን ማባረር ሳይሆን ለፍርሃት ሥራ መስጠት ነው። ሥራ ያላገኘ ፍርሃት በሌሊት ሰውን ያስጨንቃል፤ ሥራ ያገኘ ፍርሃት ግን እንደ ታማኝ ዘበኛ ያገለግላል።

ስለዚህ ያስፈራንን ነገር ሁሉ በወረቀት ላይ በተራ ቍጥር ጻፍን፤ በእያንዳንዱም አንጻር ምን ማድረግ እንደሚገባን ጻፍን።

1ኛ፤ መንጃ ፈቃዳችን በዚያ አገር ይቀበሉት እንደ ሆነ፣ ሌላም ወረቀት ያስፈልግ እንደ ሆነ፣ ከመነሣታችን በፊት የሚያከራየውን ድርጅት በጽሑፍ ጠየቅን። በጽሑፍ የተገኘ መልስ በመንገድ ላይ ከሚደረግ ክርክር ያድናል።

2ኛ፤ ማርሹን ራሱ የሚለውጥ አውቶማቲክ መኪና መረጥን። መሪው በቀኝ በሆነ መኪና ማርሽ የሚያዘው በግራ እጅ ነውና፣ አንድ የሚለመድ ነገር ቀነስን። የፍሬንና የነዳጅ መርገጫ ግን በሁለቱም አገር ቦታቸው አንድ ነው፤ ነዳጁ በቀኝ፣ ፍሬኑ ከእርሱ በስተግራ ነው። እግር የሚያውቀውን አይረሳም።

3ኛ፤ የኪራዩን ውል እስከ መጨረሻው አነበብን። ብዙ ሰው «ኢንሹራንስ አለው» ሲባል ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን በብዙ ውል ውስጥ አደጋ ቢደርስ ተከራዩ ራሱ የሚከፍለው የመጀመሪያ ድርሻ አለ። የዚህን ልክ ሳያውቁ መፈረም አይገባም። መኪናውንም ከመረከባችን በፊት ዙሪያውን ፎቶግራፍ አነሣን፤ ትርፍ ጎማውንና ክሪኩን አየን።

4ኛ፤ በደረስንበት ምሽት አልነዳንም። የደከመ ሰው ወደ ቀድሞ ልማዱ ይመለሳልና። መኪናውን ቅዳሜ ተረክበን፣ ቆሞ ሳለ ግማሽ ሰዓት ያህል በውስጡ ተቀመጥን፤ ስፖኪዮውን አስተካከልን፤ የመብራቱን፣ የፍሬቻውንና የዝናብ መጥረጊያውን ቦታ በእጃችን ዳሰስን። ይህን ሁሉ አድርገን እንኳ፣ ኋላ ፍሬቻ ለማሳየት ስንሻ በጠራ ሰማይ የዝናብ መጥረጊያው ይወዛወዝ ጀመር፤ ባለቤታችንም ሳቀች። ሳቋ ግን ጠቀመን፤ የተጨበጠው እጃችን በዚያ ጊዜ ላላ።

5ኛ፤ ሦስት አጫጭር ቃል በቃላችን አጠናን። የፊተኛው «ግራ ጠባብ፣ ቀኝ ሰፊ» የሚል ነው፤ በዚያ አገር ወደ ግራ ሲታጠፉ ዳሩን ይዞ በጠባቡ፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ደግሞ የሚመጣውን መኪና አሳልፎ በሰፊው ነውና። ሁለተኛው «በአደባባይ ለቀኝ ልቀቅ» የሚል ነው፤ በአደባባይ ዙሪያ መኪናዎች የሚዞሩት እንደ ሰዓት ዘንግ አካሄድ ስለ ሆነ፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ከቀኝ ለሚመጣ ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው «የነጂው ትከሻ ወደ መንገዱ መሐል» የሚል ነው። ለአገሩ በተሠራ መኪና ነጂው ሁልጊዜ ወደ መሐሉ መስመር ቀርቦ ይቀመጣል፤ አብሮት ያለው ሰው ወደ ዳሩ ይቀርባል። ይህ በኢትዮጵያም በኬንያም እውነት ነው። ነጂው ትከሻው ወደ ሣሩ ቀርቦ ካገኘው፣ ያለ ቦታው ገብቶአል ማለት ነው።

እሑድ በማለዳ መንገዱ ጭር ሳለ ከናይሮቢ ወጣን። ከሊሙሩ ባሻገር መንገዱ ወደ ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። ይህ ሸለቆ በአገራችን ዝዋይን፣ ላንጋኖንና ሻላን የያዘው ያው ነው። በቁልቁለቱ ሥር በማይ ማሂዩ አጠገብ አንዲት በጣም ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። የሠሯት በምሥራቅ አፍሪካ ጦርነት ድል ሆነው የተማረኩ የኢጣልያ ወታደሮች ሲሆኑ፣ መንገዱንም እየቈፈሩ ሳለ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1942 አቆሟት። እዚያ ቆመን ዐረፍን። አገራችንን ሊወስዱ ከመጣው ሠራዊት የነበሩ ሰዎች በምርኮ ጊዜያቸው በሠሩት መንገድ ላይ፣ እኛ የታመመ ዘመድ ልናመጣ መሄዳችንን እያሰብን፣ ለጥቂት ጊዜ ፍርሃታችንን ረሳን።

የደረሰብንም ነገር የደረሰው ፍርሃታችንን በረሳን ጊዜ ነው። በናይቫሻ አጠገብ ከአንድ ነዳጅ ማደያ ነዳጅ ቀድተን ወጣን። በናይሮቢ ውስጥ ፊታችን ያለውን መኪና እየተከተልን ስለ ነበር አንድም ጊዜ አልተሳሳትንም ነበር። እዚህ ግን የምንወጣበት መንገድ ግራና ቀኙ ባዶ ነበረ። የሚያስታውሰን መኪና ባለመኖሩ እጃችን የአዲስ አበባውን ልማድ ተከትሎ ወደ ቀኝ ዳር ወሰደን። ባለቤታችን «ግራ! ግራ!» ብላ ጮኸች። ወደ ጎን ብናይ ትከሻችን ከሣሩ አጠገብ ነው። ፍጥነታችንን ቀንሰን ወደ ግራ ተሻገርን። ጥቂት ቆይቶ ከከፍታው በስተጀርባ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ብቅ አለ፤ በአጠገባችንም አለፈ።

ከመንገዱ ወጥተን ቆምን፤ እጃችን ይንቀጠቀጥ ነበር። የዚያ ሰው ቃል የተገለጠልን በዚህ ጊዜ ነው። «መንገዱ ባዶ ነበረ» ያለው ራሱን ለማዳን አልነበረም። ብዙ መኪና ባለበት መንገድ ላይ እንግዳን ነጂ ሌሎቹ ይመሩታል፤ ባዶ መንገድ ላይ የሚመራው ልማዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው እፎይ የሚልበት ቦታ፣ ማለትም ከነዳጅ ማደያ፣ ከሆቴል ግቢ፣ ከምሳ ቤት ሲወጣ፣ በማለዳም ሲነሣ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው ቦታ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ሥርዓት አደረግን። መኪናው ከቆመበት ሁሉ ሲነሣ ባለቤታችን «ግራ» ትላለች፤ እኛም «ግራ» ብለን እንመልሳለን። ሳይመለስ መኪናው አይንቀሳቀስም። በቅኔ ማሕሌት አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው እንደሚቀበል ማለት ነው። አንዳንድ አባ ወራ ሚስቱ በመንገድ ስታሳስበው እንደ ተናቀ ቈጥሮ ይቈጣል። ነገር ግን ያ በንግሥት ግምጃ ቤት የተሾመው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ እንኳ የሚመራው ሰው ባስፈለገው ጊዜ ፊልጶስን ወደ ሠረገላው አውጥቶ በአጠገቡ ማስቀመጡን እናስታውስ። እርሱ ያላፈረበትን እኛ ልናፍርበት አይገባም።

ሰኞ ጧት እኅታችንን በኋለኛው ወንበር በትራስ ደግፈን ከናኩሩ ተነሣን። በየመንደሩ መግቢያ ፍጥነት የሚቀንስ ጉብታ አለ፤ አንዳንዱም ቀለም ስለሌለው ከሩቅ አይታይም። ለተሰበረ አጥንት አንዱ ጉብታ እንኳ ሥቃይ ነውና በዝግታ ሄድን። ከኋላችን የመጡ ማታቱዎች ጥሩምባ ነፉብን፤ እኛም ዳር ይዘን አሳለፍናቸው። በመጀመሪያ እኅታችን የበሩን እጀታ አጥብቀው ይዘው ነበር። የኤልመንታይታን ሐይቅ አልፈን ጊልጊል ስንደርስ ባለቤታችን ዞር ብላ፣ «እትዬ፣ ዐመመሽ ወይ?» አለቻቸው። መልስ አልሰጡም፤ እንቅልፍ ወስዶአቸው ነበር። በመንገድ ከሰማነው ምስጋና ሁሉ ይህ ዝምታ በለጠብን።

በማግስቱ ሐኪሙ አያቸው፤ አጥንቱም በደኅና እንደ ገጠመ ነገራቸው። መኪናውንም አንድ ጭረት ሳይጨመርበት መለስን።

አዲስ አበባ ከገባን በኋላ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወደ ሥራ ለመሄድ መኪናችንን ከግቢ አወጣን። መንገዱ ባዶ ነበረ። ባለቤታችን በሩን ይዛ ቆማ «ቀኝ» አለች። እኛም «ቀኝ» ብለን መልሰን ሄድን።