ፈታኝ የሌለበት ፈተና፦ ተማሪ ተማሪን የሚዳኝበት ችሎት



የዛሬው ርዕሳችን ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ የላከ ቤተሰብን ሁሉ ይመለከታል፤ ይበልጥ ግን አሜሪካ ውስጥ በቨርጂኒያ ግዛት የሚኖሩ ወገኖቻችንን። በአሌክሳንድሪያና በፎልስ ቸርች አካባቢ ያደጉ ልጆቻችን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርሱ ከሚያመለክቱባቸው ትምህርት ቤቶች አንዱ ሻርሎትስቪል ከተማ የሚገኘው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ «ኮርጀሃል» ወይም «የሰው ጽሑፍ የራስህ አስመስለህ አቅርበሃል» ተብሎ ሲጠረጠር ጉዳዩን የሚይዘው የተማሪዎች ኮሚቴ ነው። መርማሪውም፣ ጠበቃውም፣ ፈራጁም ተማሪ የሆነበት ችሎት ማለት ነው። ወላጅ ይህን የሚሰማው ልጁ ከተከሰሰ በኋላ ከሆነ በድንጋጤ የሚሰጠው ምክር ልጁን ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ ነገሩን ቀደም ብሎ ማወቁ ይበጃል።

ሥርዓቱ «የክብር ደንብ» ይባላል፤ የሚያስፈጽመው አካል ደግሞ «የክብር ኮሚቴ»። እዚህ ላይ ክብር ሲባል ሹመት ወይም ዝና እንዳይመስለን። አንድ ሰው ማንም ሳያየው ቃሉን ይጠብቃል ተብሎ መታመኑን ነው። እኛ አማና ከምንለው ጋር በጣም ይቀራረባል። ተማሪው በፈተና ወረቀቱ ላይ ከማንም እርዳታ እንዳልተቀበለ፣ ለማንም እንዳልሰጠ ቃሉን ጽፎ ይፈርማል። መምህሩ ወረቀቱን አድሎ ከክፍል ሊወጣ ይችላል። ቤት ተወስደው ብቻን የሚሠሩ ፈተናዎችም አሉ።

አገር ቤት ያለ አንባቢ ይህን ሲሰማ መገረሙ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ በማኅበራዊ መገናኛ በመሰራጨቱ ፈተናው ተቋርጦ በሌላ ጊዜ እንደተሰጠ እናስታውሳለን። በ2022 ደግሞ ተፈታኞች ከየቀያቸው ተነስተው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው በጥበቃ ሥር እንዲፈተኑ ተደርጓል። አጤሬራ ፍለጋ ኪስ የሚፈትሽ ፈታኝ ለለመደ ሰው ፈታኝ የሌለበት ፈተና ተረት ሊመስለው ይችላል።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

ዩኒቨርሲቲው ማስተማር የጀመረው በ1825 ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የረብሻ ዓመታት ነበሩ። ተማሪዎቹ በአብዛኛው የደቡብ ባለርስቶች ልጆች ስለነበሩ መምህር የሚፈሩ አልነበሩም፤ መሣሪያ የሚይዙም ነበሩባቸው። በኖቬምበር 1840 ፊቱን በጭንብል የሸፈነ አንድ ተማሪ ጆን ዴቪስ የተባሉትን የሕግ ፕሮፌሰር በጥይት መታቸው፤ ከሁለት ቀን በኋላ ሞቱ። ፕሮፌሰሩ በሞት አልጋ ላይ ሆነው የመታቸውን ልጅ ስም ለመናገር እንዳልፈቀዱ፣ ክብር ካለው ራሱ ወጥቶ ይናገር ማለታቸውም ይተረካል። በ1842 ሄንሪ ሴንት ጆርጅ ተከር የተባሉ ሌላ የሕግ መምህር ተማሪዎች በየፈተናው ላይ በክብራቸው እያረጋገጡ እንዲፈርሙ ሐሳብ አቀረቡና ተቀባይነት አገኘ። በፈተና የተጀመረው ነገር ውሎ አድሮ ውሸትንና ስርቆትን ጨመረ፤ ዳኝነቱም በተማሪዎች እጅ ገባ።

አንድ ነገር ግን ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ያ «ክብር» ያኔ ለሁሉም አልነበረም። ግቢውን በመገንባት የደከሙት፣ ለተማሪዎቹ የሚያበስሉትና የሚያጥቡት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ። የእነርሱ ቃል በነጭ ሰው ላይ ምስክር ሆኖ በፍርድ ቤት አይሰማም ነበር። የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪ የገባው በ1950፣ ያውም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ሴቶች ከወንዶች እኩል በሙሉ በሩ የተከፈተላቸው በ1970 ነው። ዛሬ ሒጃብ የለበሱ እኅቶቻችን የሚፈርሙት ቃል የመጣው ከዚያ ዓለም ነው።

ሦስት ጥፋት፣ ሦስት ጥያቄ

ደንቡ የሚመለከተው መዋሸትን፣ ማጭበርበርንና መስረቅን ብቻ ነው። ፀብና ሌላ የሥነ ሥርዓት ጉድለት ሌላ የተማሪዎች ኮሚቴ አለው። ጥርጣሬ ያደረበት ሰው፣ መምህርም ይሁን ተማሪ፣ ለክብር ኮሚቴው ያሳውቃል። ተማሪ መርማሪዎች የሁለቱንም ወገን ቃል ይቀበላሉ፣ ወረቀቶችን ይሰበስባሉ። ማስረጃው ለክስ የማይበቃ ከሆነ ፋይሉ ይዘጋል። ከበቃ ጉዳዩ በችሎት ይሰማል። ለተከሳሹም ስለ ሂደቱ የሚያስረዳውና የሚከራከርለት ሰው ከተማሪዎች መካከል ያገኛል።

ችሎቱ ለብዙ ዓመታት የሠራባቸው መለኪያዎች ሦስት ናቸው። ድርጊቱ ተፈጽሟል ወይ? ተማሪው ድርጊቱ ማጭበርበር መሆኑን ያውቅ ነበር፣ ወይስ ማወቅ ይገባው ነበር? ሦስተኛው፣ ድርጊቱ በዝምታ ቢታለፍ ሰዎች እርስ በርስ የሚተማመኑበትን ኑሮ የሚያናጋ ክብደት አለው ወይ? ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ጥፋተኛ አይባልም።

የሁለተኛውን ጥያቄ ዋጋ ለማየት በ2001 የሆነውን ማንሳት ይበቃል። ሉዊስ ብሉምፊልድ የተባሉ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ብዙ ተማሪ የሚማርበት ክፍል ነበራቸው። አንዲት ቅሬታ ጆሯቸው ገባች፤ ጽሑፍ ከሌላ እየገለበጡ ጥሩ ውጤት የሚያገኙ አሉ የምትል። ፕሮፌሰሩ የተማሪዎቻቸውን ጽሑፎች እርስ በርስ የሚያስተያይ የኮምፒውተር ፕሮግራም ራሳቸው ሠሩ። ፕሮግራሙ ስድስት ቃላት በተከታታይ አንድ ዓይነት የሆኑበትን ቦታ ለቅሞ ያወጣ ነበር። በመጀመሪያ 122 ተማሪዎች ለኮሚቴው ቀረቡ፤ ቁጥሩ በኋላ 158 ደረሰ። ትምህርታቸውን እየተማሩ የሚዳኙ ወጣቶች ይህን ሁሉ ፋይል ለመጨረስ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀባቸው። መጨረሻ ላይ 48ቱ ወይ ጥፋተኛ ተብለው ወይ ራሳቸው አምነው ከዩኒቨርሲቲው ተሰናበቱ፤ ከእነርሱ መካከል ተመርቀው ከሄዱ በኋላ ዲግሪያቸው የተሰረዘባቸውም ነበሩ።

የቀሩት 110ሩስ? ሁለት ጽሑፎች አንድ ሆነው ሲገኙ ከሁለቱ ባለቤቶች አንዱ በትክክል የሠራው ሊሆን ይችላል። ምናልባት ጓደኛው አይቶ እንዲማርበት ብሎ ሰጥቶታል፤ ምናልባትም ሳያውቅ ተወስዶበታል። ማሽኑ መመሳሰልን ያሳያል እንጂ ማን ከማን እንደወሰደ አያውቅም። ኒያንማ ጭራሽ አያውቅም። ሰው ጠርቶ፣ ጠይቆ፣ አመሳክሮ መለየት የግድ ነበር። ይህ ነገር ዛሬም አልቀረም። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች በየተማሪው እጅ ገብተዋል። «ይህን ማሽን ጽፎታል» ብለው የሚለዩ ፕሮግራሞችም መጥተዋል፤ ነገር ግን ተማሪው በገዛ እጁ የጻፈውን «የማሽን ነው» ሲሉ ተገኝተዋል።

አንድ ቅጣት ብቻ

እስከ 2022 ድረስ በቨርጂኒያ ጥፋተኛ የተባለ ተማሪ የሚጠብቀው ቅጣት አንድ ብቻ ነበር፤ ለዘለዓለም መባረር። በአንዲት ፈተና የኮረጀም፣ ሙሉ የምርምር ጽሑፍ የሰረቀም እኩል ይባረራል። የደጋፊዎቹ ክርክር ቀላል ነው፤ መተማመን ግማሽ የለውም፣ አንዴ የዋሸን ሰው ያለ ፈታኝ ማስፈተን አይቻልም። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የቅጣቱ ክብደት ራሱ ፍትሕን ያበላሻል ይላሉ። ያየ ሰው ጓደኛውን ማስባረር ከብዶት ዝም ይላል፤ ፈራጆችም የጥፋቱን መፈጸም እያወቁ «ክብደት የለውም» ብለው ይለቃሉ።

ይህ ክርክር መድረሳ ለተማረ ሰው እንግዳ አይደለም። የሐዲስ ሊቃውንት በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ አውቆ የዋሸ ዘጋቢ ከተጸጸተ በኋላ ዘገባው ይቀበሉታል ወይ በሚለው ላይ ተለያይተዋል። ኢማም አሕመድ ኢብኑ ሐንበልና አል-ሑመይዲ ተውበቱ ለራሱ ነው፣ ዘገባው ግን ከእንግዲህ አይወሰድም ብለዋል። ኢማም አን-ነወዊይ ደግሞ ተውበቱ እውነተኛ ከሆነ ዘገባውም ተቀባይነት ሊኖረው ይገባል የሚለውን መርጠዋል። ሁለቱም ወገኖች ውሸትን ያቀለሉ አልነበሩም። እንደኔ እይታ ለሃያ ዓመት ወጣት የሚስማማው የኋለኛው መንገድ ነው። የሐዲስ ዘጋቢ የተሸከመው የሕዝብ ሁሉ ዲን ነው፤ ተማሪው ግን ገና በመማር ላይ ያለ ልጅ ነው።

ተማሪዎቹም ወደዚያው አዘነበሉ። በማርች 2022 በተሰጠ ድምፅ ከመቶ ሰማንያ በላይ የሚሆኑት መራጮች መባረሩ ቀርቶ ቅጣቱ የሁለት ሰሚስተር እገዳ እንዲሆን ወሰኑ። በ2023 ደግሞ ሌላ ድምፅ ሰጥተው ቅጣቱ እንደ ጥፋቱ እንዲለያይ አደረጉ። አሁን አስቀድሞ ጥፋተኝነቱ ይወሰናል፤ ከዚያ ቅጣቱ ለብቻው ይታያል። ቅጣቱም ትምህርት ከመውሰድና በደሉን ከመካስ ጀምሮ እስከ ጊዜያዊ እገዳ ይደርሳል፤ መባረርም ከነጭራሹ አልጠፋም።

ለእኛ ቤተሰቦች የሚከብድ አንድ ጉዳይ አለ። ኮሚቴው የራሱን መዝገብ ሲመረምር ከውጭ አገር የመጡና የእስያ ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ከቁጥራቸው በላይ እንደሚጠቆሙ አይቷል። መልኩ ወይም አነጋገሩ ለየት ያለ ልጅ ከሌላው ይልቅ ዓይን ያርፍበታል። በቡድን ተቀምጠው የሚያጠኑ የአንድ አገር ልጆች መልሳቸው ቢመሳሰል በቀላሉ ይጠረጠራሉ። ይህ ማለት ግን የተጠቆመ ሁሉ የተበደለ ነው ማለት አይደለም። አንድ ላይ ማጥናት የለመዱ ልጆቻችን «አብሮ መሥራት» የት ላይ እንደሚቆም ከመምህሩ የጽሑፍ መመሪያ ሳያነቡ ቀርተው የሚገቡበት ጣጣም አለ። በአንዱ ኮርስ የተፈቀደው በሌላው ክልክል ነው።

ሳይዘጋ የሚቆየው በር

ወላጆች ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ተማሪው ጥፋት ሠርቶ ማንም ሳይጠረጥረው፣ ራሱ ሄዶ ለኮሚቴው ቢናገርና የሠራውን ቢያስተካክል ደንቡ ከክስ ነፃ ያደርገዋል። ይህ ሁሉም ጥፋት በመባረር በሚቀጣበት ዘመን እንኳ የነበረ ነገር ነው። ሲደነግጥ ብሎ የተናገረ ግን፣ ማለትም መያዙን ካወቀ በኋላ የመጣ፣ ይህን ዕድል አያገኝም ነበር። በ2013 ለእርሱም ሌላ በር ተከፈተለት፤ መጠቆሙ ከተነገረው በኋላ በሰባት ቀን ውስጥ ጥፋቱን ካመነ፣ ሁለት ሰሚስተር ርቆ ቆይቶ እንዲመለስ። ክዶ ተከራክሮ ጥፋተኛ ከተባለ ግን ያኔ መመለሻ አልነበረውም።

ሰባት ቀን አጭር ነው። በእነዚያ ቀናት ከልጁ ጆሮ አጠገብ ያለው ማን እንደሆነና ምን እንደሚለው አስቡት። አንዳንድ ወላጅ «ዘመድ ምን ይላል፣ መስጂድ እንዴት እንገባለን» በሚል ጭንቀት ልጁን «በጭራሽ አላደረግኩም በል» ይለዋል። ልጁ ካላደረገ በሙሉ ልብ ይከራከር፤ ብዙዎች ተከራክረው ነፃ ወጥተዋል። አድርጎ ከሆነ ግን ይህ ምክር በኩረጃው ላይ ውሸትን ይጨምርበታል፤ ለኮሚቴው መዋሸት ደግሞ ራሱን የቻለ የክብር ጥፋት ነው። በአሁኑ ሥርዓትም ማመኑና አለማመኑ ቅጣቱ በሚመዘንበት ጊዜ ይታያል።

ሌላው፣ ዩኒቨርሲቲው ለወላጅ ደውሎ ይነግረኛል ብላችሁ አትጠብቁ። በ1974 በወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ መሠረት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የትምህርት መዝገብ ምሥጢርነት መብቱ የተማሪው ነው፤ የክፍያውን ደረሰኝ የያዘው አባት ቢሆንም። ስለዚህ ወሬው የሚደርሳችሁ ልጁ ራሱ ሊነግራችሁ ከደፈረ ብቻ ነው። ልጁ የአባቱን ቁጣ ከችሎቱ ይልቅ የሚፈራ ከሆነ ሰባቱን ቀን ብቻውን መኝታ ክፍሉ ውስጥ ይጨርሳቸዋል።

ደንቡ በተማሪዎች ድምፅ የሚለወጥ ስለሆነ ልጁ ትምህርት በሚጀምርበት ኦገስት የዘመኑን ጽሑፍ አውጥታችሁ አብራችሁ አንብቡት። ከየኮርሱ መመሪያ ላይ ከጓደኛ ጋር መሥራትና በሰው ሠራሽ አስተውሎት መጠቀም ተፈቅዶ እንደሆነ ይፈልግ፤ ካላገኘ መምህሩን በጽሑፍ ይጠይቅና መልሱን ያስቀምጥ። ለሚያስረክበው ጽሑፍ ደግሞ ረቂቆቹን ከነቀናቸው አያጥፋቸው፤ የገዛ ሥራው መሆኑን ማስረዳት ቢያስፈልገው በእጁ የሚገኙት እነርሱ ናቸው።